ሊጠየቅ የሚችል ምስክር፦ ማኅበራዊ ምስክርነትና ለስላሳ ማግባባት በኢንተርኔት ንግድ

1. መግቢያ

በማርኬቲንግ ትምህርት ክፍላችን ከተማርናቸው ፅንሰ ሐሳቦች ሁሉ "ማኅበራዊ ምስክርነት" የሚባለውን ያህል ቀላል መስሎ የታየኝ አልነበረም። በእንግሊዝኛው ሶሻል ፕሩፍ ይሉታል። ሰው የሚያደርገው ነገር ግራ ሲገባው ሌላው የሚያደርገውን አይቶ ይወስናል፤ ነጋዴ ደግሞ ይህንን አውቆ ይጠቀምበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለፈተና አጠናሁት፣ ጻፍኩት፣ ደህና ማርክም አገኘሁበት። ነገሩ ቀላል አለመሆኑ የገባኝ ግን ከክፍል ውጭ፣ በአክስቴ በርበሬ ምክንያት ነው።

አክስቴ (እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው) በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ሁለት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚሁ ገቢ ነው። ድሮ ደንበኞቻቸው የሰፈር ሰዎችና የሰፈር ሰዎች ዘመዶች ብቻ ነበሩ። ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው፣ "አንተ ማርኬቲንግ ትማራለህ አይደል? እስቲ ለኔም አንድ ነገር አድርግልኝ" አሉኝ። እኔም በቴሌግራም ቻናል ከፈትኩላቸው፤ ዕቃውን ፎቶ አንስቼ ዋጋውን ጽፌ ለጠፍኩ። በሦስት ወር ውስጥ 312 አባላት አገኘን። ሽያጩ ግን ፈቅ አላለም።

በዚህ መሀል አንድ የማላውቀው ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "10,000 አባል በአንድ ቀን እጨምርልሃለሁ። የምስጋና አስተያየትም ከፈለግህ አለ" ይላል። የጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ፈረሱላ በርበሬ ዋጋ ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ የምኮራበት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ግን በቅድሚያ ሦስት ጥያቄዎችን ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ማኅበራዊ ምስክርነት ለምን ይሠራል? ኢንተርኔት ላይ ሲመጣ ምን ይለወጣል? በሐቀኛ ማግባባትና በማታለል መካከል ያለው ድንበርስ የቱ ጋ ነው?

2. ፅንሰ ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቺያልዲኒ ነው። ቺያልዲኒ የሽያጭና የዕርዳታ ማሰባሰብ ሥራ በሚሰጥባቸው ሥልጠናዎች እንደ ተራ ሠልጣኝ ተመሳስሎ እየገባ ሻጮች ገዢን እንዴት እንደሚያግባቡ ሲከታተል ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 "ኢንፍሉዌንስ" የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። በመጽሐፉም ስድስት የማሳመን መርሆዎችን ዘርዝሯል። እነሱም ውለታ መመለስ፣ በተናገሩት ቃል መጽናት፣ ማኅበራዊ ምስክርነት፣ ለሚወዱት ሰው እሺ ማለት፣ ለባለሥልጣን ወይም ለባለሙያ ማመንና የዕቃ እጥረት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ "የኛ ሰው ነው" የሚለውን የአንድነት ስሜት ሰባተኛ አድርጎ ጨምሮበታል።

እንግዲህ ልብ ብለን ካየነው ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቅቤ ነጋዴዋ "እስቲ ቅመሺው፣ ባትገዢም ግድ የለም" ስትል በውለታ ነው የምታግባባው። ደላላው "ቤቱን ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ሊያየው ቀጥሯል" ሲል በእጥረት ይሠራል። የጨርቅ ነጋዴው "ይሄንኑ ጎረቤትሽ ባለፈው ሳምንት ነው የወሰደችው" ካለ ማኅበራዊ ምስክርነት ጠራ ማለት ነው። ምሁሩ ያደረገው ገበያ ውስጥ የኖረውን ጥበብ ስም ሰጥቶ፣ በጥናት ፈትሾ ማስቀመጡ ነው።

ሦስቱም ነጋዴዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አንዳቸውም "ግዛ፣ ግዛ" አላሉም። ለስላሳ ማግባባት የምንለው ይህንን ነው። ሻጩ መረጃውን በአንድ መልክ ያስቀምጣል፤ ውሳኔውን ገዢው ራሱ የወሰነው ሆኖ ይሰማዋል። ጉልበቱም አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ገዢ "ግዛ" ሲባል ይጠነቀቃል፤ "ሌላው ገዝቷል" ሲባል ግን ጥበቃውን ያላላል።

3. ለምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ምክንያት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ብዙውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በማናውቀው ከተማ ሁለት ምግብ ቤት ብናይ፣ አንዱ ጢም ብሎ ሌላው ባዶ ቢሆን፣ ወደ ሞላው መግባት ሞኝነት አይደለም። ሌሎች ቀድመውን ቀምሰውልናል። እ.ኤ.አ. በ1969 ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ከተማ ያደረጉት ሙከራ ይህንን በደንብ ያሳያል። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ሕንፃ መስኮት ሽቅብ እንዲያይ አደረጉ። ከአላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ አብሮ ያየው 4 በመቶው ብቻ ነበር። ሽቅብ የሚያዩትን ሰዎች ወደ 15 ሲያሳድጓቸው ግን የሚቆመው ሰው 40 በመቶ ደረሰ። መስኮቱ ያው መስኮት ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ብዛት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሰው ተለይቶ መቆም ከባድ መሆኑ ነው። ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያመሳስሉ ጠየቀ። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን አብረው የተቀመጡት ሰዎች አስቀድመው የተነገራቸው ስለነበሩ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መልስ ይሰጡ ነበር። ከሙከራው ዙሮች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ተሳታፊው ዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከሰዎቹ ጋር ተሳሳተ። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ እንኳን እውነቱን ሲናገር ተሳታፊው ከብዙኃኑ ጋር የሚሳሳትበት ጊዜ በእጅጉ መቀነሱ ነው። አንድ እውነተኛ ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው መመሳሰል ነው። የማንም ምስክርነት እኩል አይመዝንም፤ እንደኛ ያለው ሰው ይበልጥ ያሳምነናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጎልድስቲን፣ ቺያልዲኒና ግሪስኬቪሺየስ በአንድ ሆቴል እንግዶች ፎጣቸውን ሳይታጠብ ደግመው እንዲጠቀሙ የሚጠይቁ ካርዶች አዘጋጁ። "አካባቢን እንጠብቅ" የሚለውን ካርድ ካዩት 35 በመቶ ያህሉ ተባበሩ። "አብዛኞቹ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ" የሚለው 44 በመቶ ያህል አስገኘ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ "በዚሁ ክፍል ያረፉት አብዛኞቹ እንግዶች" የሚለው 49 በመቶ ደረሰ። የክፍሉ ቁጥር ከፎጣ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ግን "እኔ ያለሁበት ቦታ የነበረ ሰው" የሚለው ስሜት ሠራ።

4. ኢንተርኔት ምን ጨመረበት?

በርበሬ ሲገዛ ይታያል፣ ይሸተታል፣ በጣት ጫፍ ይቀመሳል። በስልክ ላይ ግን ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ቀለም ይጨመርበት፣ አሮጌ ይሁን፣ ማን ያውቃል? ስለዚህ ጥርጣሬው ይጨምራል፤ ጥርጣሬ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሌሎችን አስተያየት ፍለጋው ይበረታል። ማይክል ሉካ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ባሉ ምግብ ቤቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የልፕ በተባለው የአስተያየት መስጫ አንድ ኮከብ መጨመር የምግብ ቤቱን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ይህ የሆነው ግን በግል ምግብ ቤቶች እንጂ በየከተማው ቅርንጫፍ ባላቸው ትልልቅ ስሞች ላይ አይደለም። የታወቀ ስም ምስክር አያስፈልገውም። ምስክር የሚያስፈልገው እንደ አክስቴ ያለው ነው።

ሌላው ለውጥ ሁሉም ነገር በቁጥር መታየቱ ነው። ስንት አባል አለው፣ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ወደደው የሚለው ከዕቃው ጎን ተለጥፎ ይታያል። ይህ ቁጥር የሆነውን ነገር ከመመዝገብ አልፎ ሌላ እንዲሆን ያደርጋል። ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ14,000 በላይ ሰዎች የማይታወቁ 48 ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተጋበዙ። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት ቡድኖች ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱን የማውረድ ቁጥር ብቻ ያይ ነበር። ውጤቱ የሚገርም ነው። በአንዱ ቡድን ከፊት የመጣ ዘፈን በሌላው ወደ ኋላ ቀረ። እጅግ ጥሩዎቹ ብዙም አይወድቁም፣ እጅግ ደካሞቹም ብዙም አያሸንፉም፤ በመካከል ያለው ግን በጅምሩ ማን እንደቀደመ ይወስነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሙችኒክ፣ አራልና ቴይለር ከ100,000 በላይ አስተያየቶችን ይዘው ሌላ ሙከራ አቀረቡ። አንድ አስተያየት ገና ሲወጣ አንዲት ሰው ሠራሽ የድጋፍ ድምፅ ቢጨመርለት፣ በመጨረሻ የሚያገኘው አማካይ ነጥብ 25 በመቶ ያህል ከፍ ይል ነበር። አንዲት ድምፅ ብቻ!

ስለዚህ ያ ልጅ የሸጠልኝ ሐሳብ ባዶ አልነበረም። የውሸት ጅምር እውነተኛ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ይህንን ደብቄ "ውሸት አይሠራም" ብዬ ብጽፍ እኔም እዋሻለሁ። ጥያቄው መሥራት አለመሥራቱ ሳይሆን የሚሠራው ለማን ነው፣ እስከ መቼስ ነው የሚለው ነው።

5. የኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አባላቱን አልገዛሁም፤ ገንዘቡም አልነበረኝም። ነገር ግን ከዚያ የማይሻል ነገር አደረግሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ሦስት የምስጋና አስተያየቶች ከራሴ ፈጥሬ ለጠፍኩ። አንዷ "ከቦሌ" የሆነች ወይዘሮ ናት፤ "እንዲህ ያለ በርበሬ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም" ትላለች።

ልጃቸው አነበበችላቸውና እትዬ ጠሩኝ። "ይቺ የቦሌዋ ማን ናት? እኔ ለቦሌ ሰው ሸጬ አላውቅም" አሉኝ።

"ማስታወቂያ ነው እትዬ፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው" አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። "ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው" የሚለው መልሴ ራሱ ማኅበራዊ ምስክርነት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የተነተንኩትን ነገር በራሴ ላይ ሲሠራ አላየሁትም።

በሳምንቱ አንዲት እናት ጻፉልን። ለልጃቸው ሠርግ 30 ኪሎ በርበሬ ይፈልጋሉ። ለእትዬ ይህ ማለት የልጆቹ የአንድ ወሰነ ትምህርት ክፍያ ማለት ነው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ "የሠርግ ነገር ስለሆነ እፈራለሁ። የዚያችን የቦሌዋን ሴትዮ ስልክ ላኩልኝና ጠይቄያት ልወስን።"

የምልከው ስልክ አልነበረኝም። "ፈቃደኛ አይደሉም" ብዬ መለስኩ። "እሺ" አሉ፤ ትዕዛዙም በዚያው ቀረ። እትዬ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። "ዋስ ጥራ ሲሉህ የሌለ ሰው ትጠራለህ እንዴ?" ብቻ ነው ያሉኝ።

ይህቺ አባባላቸው ከብዙ ገጽ ንባብ በላይ አስተማረችኝ። በኛ አገር ገንዘብ ሲበደር፣ ሥራ ሲቀጠር፣ ዕቁብ ቀድሞ ሲወሰድ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ቤቱ ይታወቃል፤ ነገር ሲበላሽ ይጠየቃል። ቃሉ ክብደት የሚያገኘው ሊጠየቅ ስለሚችል ነው። የሰፈሩ ደንበኛም የእትዬን በርበሬ የሚያምነው "ጥሩ ነው" ያለችውን ጎረቤቱን ነገ ቡና ላይ ስለሚያገኛት ነው። ኢንተርኔት የምስክሩን ድምፅ ከምስክሩ ሰውዬ ለየው። ድምፁ ቀረ፣ የሚጠየቀው ሰው ግን ጠፋ። ሐሰተኛው ምስክር የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

6. ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

ከላይ የጠቀስኳቸው ሳልጋኒክና ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሌላ ሙከራ አሳትመው ነበር። በዚህኛው የዘፈኖቹን የተወዳጅነት ደረጃ ገልብጠው ለተሳታፊዎች አሳዩ፤ የመጨረሻውን መጀመሪያ አደረጉት። ለአብዛኞቹ ዘፈኖች የውሸቱ ደረጃ እያደር እውነት ሆነ። ነገር ግን ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ እጅግ ጥሩዎቹ ዘፈኖች ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ደረጃው በተገለበጠበት ቦታ ሰዎች በጠቅላላው ያወረዱት ዘፈን ቁጥር ቀነሰ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለኔ የጽሑፌ ዋና መልእክት ነው። ምስክርነት ሲበላሽ አንዱ ሻጭ ሊያተርፍ ይችላል፤ ገበያው በሞላ ግን ይቀንሳል። ገዢው የሚያምነው ሲያጣ መግዛቱን ይተዋል። እኔ ሦስት የውሸት ምስክር ስለጥፍ የወሰድኩት ሌሎች ሐቀኛ ሻጮች ያጠራቀሙትን እምነት ነው።

ነገሩ የኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የፕሪንስተን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ወደ 11,000 የሚሆኑ የመሸጫ ድረ ገጾችን መርምረው 1,818 ገዢን የሚያጣድፉ ወይም የሚያደናግሩ አሠራሮች አገኙ፤ 183 ድረ ገጾች ደግሞ በግልጽ ያታልሉ ነበር። "እገሌ አሁን ይህንን ገዛ" ከሚሉት መልእክቶች መካከል ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ የሚፈጥራቸው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት ተከታዮችንና መውደዶችን ይሸጥ በነበረው ዴቩሚ በተባለ ኩባንያ ላይ ርምጃ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሐሰት አስተያየቶችን መጻፍ፣ መሸጥና መግዛት የሚከለክል ደንብ አወጣ። በአውሮፓም ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር በተስማማው መሠረት፣ "የመጨረሻው ክፍል" የሚለው መልእክት በሆቴሉ ያለውን ሁሉ ሳይሆን በራሱ ድረ ገጽ የቀረበውን ብቻ እንደሚመለከት ግልጽ ለማድረግ ቃል ገብቷል። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክሉ ድንጋጌዎችን ይዘው ነው የወጡት።

ሕግ ባይኖርም ገዢው ራሱ ቀስ እያለ ይነቃል። አንድ 10,000 አባላት ያሉት የባልትና ቻናል አይቻለሁ። በየማስታወቂያው ሥር፣ ከዓይን ምልክቱ ጎን ያለው የተመልካች ቁጥር ግን መቶ አይሞላም። አሥር ሺህ ሰው በተቀመጠበት ቤት ቀና ብሎ የሚያይ መቶ ሰው ከሌለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ምንድን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ገዢውም ያውቀዋል።

እንግዲህ ድንበሩን በሁለት ጥያቄ መለካት ይቻላል ባይ ነኝ። የምናሳየው ነገር በእርግጥ ሆኗል ወይ? ገዢው እንዴት እንዳሳየነው ቢያውቅ ይቀየመናል ወይ? የመጀመሪያው መልስ "አዎ" ሁለተኛው "አይ" ከሆነ ማግባባት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ማታለል ነው።

7. በተግባር ምን እናድርግ?

ከዚያ ጥፋት በኋላ ሦስቱን አስተያየቶች አጠፋሁ። ከዚያም እኔና የእትዬ ልጅ የትዕዛዝ ደብተራቸውን ይዘን ከመጀመሪያው ጀመርን። የሠራነውን በአጭሩ አካፍላለሁ፤ ትንሽ ንግድ ላላቸው ዘመዶቻችሁ ሊጠቅም ይችላል።

አንደኛ፣ ምስክሩ ሊጠየቅ የሚችል ይሁን። በደብተሩ ላይ ያሉትን የቆዩ ደንበኞች ደውለን፣ "ሌላ ገዢ ቢጠይቅዎት ይመልሱለታል?" አልናቸው። ሰባት ሰዎች እሺ አሉ። ስልካቸውን ቻናል ላይ አልለጠፍንም፤ ያ ነውር ነው። ጠያቂ ሲመጣ ግን አስፈቅደን እናገናኛለን። ብዙዎቹ ጠያቂዎች መገናኘት እንደሚችሉ ሲያውቁ መደወሉንም ይተዉታል።

ሁለተኛ፣ አስተያየቱ ዝርዝር ይኑረው። "በጣም ምርጥ ነው" የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። "ሽሮው ሲሠራ አይጓጉልም፤ ጨው ግን ራሳችሁ ጨምሩበት" የሚለውን ሊጽፍ የሚችለው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስክሩ ገዢውን ይምሰል። በዶርም ለሚኖር ተማሪ ስለ በሶው የሚናገረው ተማሪ ይሁን፤ ለክርስትና ለምትደግስ እናት ደግሶ ያየ ሰው ይናገር፤ ውጭ ላለ እህቱ የሚልክ ሰው፣ ልኮ ያየው ምን እንዳለ ይስማ። የሆቴሉ ፎጣ ያስተማረን ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ወቀሳን አትደብቁ። አንዲት ደንበኛ "ሚጥሚጣው ከልክ በላይ ያቃጥላል" ብላ ጻፈች። እኔ ላጠፋው ነበር። እትዬ ግን "ተወው፤ እውነቷን ነው፤ የዘንድሮው ኃይለኛ ነው። ትንሽ ትንሽ አድርጊበት በላት" አሉ። ያ መልስ ከምስጋናዎቹ ይልቅ ያሳመናቸው ሰዎች እንዳሉ በኋላ ነግረውናል።

አምስተኛ፣ የማትፈልጉትን ነገር "ብዙ ሰው ያደርገዋል" አትበሉ። በአሪዞና በሚገኘው ፔትሪፋይድ ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት እየሰረቁ ያስቸግሩ ነበር። ቺያልዲኒና ባልደረቦቹ እንደሞከሩት፣ "ብዙ ጎብኚዎች ወስደውት ፓርኩ ተጎዳ" የሚል ምልክት በቆመበት ቦታ ከተቀመጡት ቁርጥራጮች 8 በመቶ ገደማ ተሰረቁ፤ "እባክዎ አይውሰዱ" ብቻ በሚለው ግን 2 በመቶ አልሞላም። የኛ ቻናልም ይህንኑ ስህተት ሠርቶ ነበር። እትዬ ተናደው "ብዙ ሰው አዝዞ ይጠፋል፤ አታስቸግሩን" የሚል አስለጥፈውኝ ነበር። ለካ መጥፋት የተለመደ ነው ብለን እያስተማርን ነው! ደብተሩን ብንቆጥር ከ40 ትዕዛዝ 31 በቀጠሮው ቀን ተወስዷል። ማስታወቂያውን "ካዘዙን ደንበኞች አብዛኞቹ በቀጠሯቸው ይወስዳሉ፤ እናመሰግናለን" ብለን ለወጥነው። እውነትም ነው፣ ያግባባልም።

ስድስተኛ፣ ብዛት ከሌላችሁ ዕድሜን አሳዩ። 312 አባል ብሎ መኩራራት አይቻልም። ነገር ግን ለ11 ዓመት ሳያቋርጡ በርበሬ ያስመጡ ደንበኛ አሉ። የአንድ ሰው የ11 ዓመት መመላለስ ከብዙ ሰው የአንድ ቀን ጠቅታ ይበልጣል። የዕጥረት ነገርም እንዲሁ ነው፤ "12 ኪሎ ቀረ" የምንለው 12 ኪሎ ሲቀር ብቻ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ለማየት እንደሞከርነው ማኅበራዊ ምስክርነት ኃይለኛ መሣሪያ ነው። የሚሠራው ሰው እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲያይና ብቻውን መቆም ሲከብደው ነው። ኢንተርኔት ይህንን ኃይል በቁጥር አጉልቶታል፤ በዚያው ልክ ሐሰተኛውን ምስክር ርካሽ አድርጎታል። ስለዚህ እኛ የዘርፉ ተማሪዎች ነገ መሥሪያ ቤት ገብተን "ጥቂት አስተያየት ጻፍ እስቲ" ስንባል የምንመልሰውን ከዛሬው ብናስብበት መልካም ነው። ያኔ "ሁሉም ሰው ያደርገዋል" የሚል መልስ አፋችን ላይ ይመጣልና።

ውጤቱን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ የእትዬ ቻናል ዛሬም 700 አባል አልሞላም። ሀብታም አልሆኑም። ሆኖም ከሚያዝዙት ሰዎች ገሚሱ ተመላሽ ደንበኛ ነው፤ የልጆቹም ክፍያ ዘንድሮ በጊዜው ተከፍሏል። የ30 ኪሎዋ እናት ግን አልተመለሱም። የሠርጉ ቀን አልፏል፤ ያንን ትዕዛዝ ያሳጣኋቸው እኔ መሆኔን እትዬ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለነጋዴ "እያደር" የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ኪራዩ እያደር አይጠብቅም። ቢሆንም ነገ የሚጠየቅ ምስክር ያለው ሰው የሚፈራው ስልክ የለም።

ቸር ይግጠመን።